ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ

መጀመሪያ የተሰማት ድምፅ ነበር። ማንኪያ የብርጭቆ ጠርዝ ሲነካ፤ ቂል፣ ቂል፣ ቂል። መርማሪዋ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቆማ ነበርና ሳታስበው ቆጠረችው። ዘጠኝ ጊዜ መታ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስለስ ብሎ፣ ቂል። ቀጥሎም የሽማግሌ ድምፅ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ላለ ሰው እንደሚጣራ ሁሉ ከፍ ብሎ፣

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ» አለ።

የመለሰለት ሰው አልነበረም።

ቀሪውን ደረጃ ወጥታ ስታንኳኳ የሟች ሴት ልጅ ከፈተችላት። መምህርት ናት፤ ፊቷ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

«መርማሪዋ እርስዎ ነዎት? ይግቡ። የጠራዎት ወንድሜ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ይህን ይወቁልኝ።»

«አሁን የሰማሁት ምንድን ነው?»

«አባዬ ነው። ሾርባ እየለካ ነው።»

«ለማን?»

መምህርቷ የበሩን እጀታ ይዛ ቀረች። «ለማንም። እማዬ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እሱ ግን በየጠዋቱ መለካቱን አልተወም። ሐዘን ነው ብለን ዝም አልነው። ምን እንበለው?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናትየው ልባቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፏል። ጉሮሯቸውም ጠንካራ ነገር አላሳልፍ ካለ ወዲህ ምግባቸው ሾርባ ብቻ ሆነ፤ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው፣ አሙቀው የሚጠጡት። ሐኪሙ በቀን ከሦስት ግራም የበለጠ ጨው እንዳይወስዱ አጥብቆ አዘዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨው ከዚያ ቤት እንደ ሌባ ተባረረ። የጥበቃውን ሥራ የያዙት ባልየው ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በሾርባ ፋብሪካ የጨው ተቆጣጣሪ ሆነው ነው። የፋብሪካው ሰው ያወጣላቸው ስም ጡረታ ከወጡ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላም አልለቀቃቸውም፤ ሰፈሩ በሙሉ «አባባ ሚዛን» ነው የሚላቸው። ሲሰናበቱ የተሸለሙት የጨው መለኪያ እስክሪብቶ ታክላለች፤ ጫፏን ሾርባ ውስጥ ሲነክሯት ቁጥር ታሳያለች። እሷን ከነመዝገቧ ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና የሚስታቸው የዕለት ሾርባ በየጠዋቱ በእጃቸው ያልፍ ጀመር።

እናትየው የሞቱት እንዲህ እየተጠበቁ ነው። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ለመርማሪዋ ብዙ አላወራም። «ሳንባቸው ውኃ ሞልቶታል፣ እግራቸው አብጧል። ጨው ነው። የአንድ ቀን ጨው ግን አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት በየቀኑ የገባ ነው።»

አለቃዋ ደግሞ ከዚያም አጠረ። «ልጁ እናቱን ታስታምም የነበረችውን ነርስ ከስሷል። ከቦርሳዋ ጨው ተገኝቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይ እሷን ይዘሽ ነይ፣ ወይ ሌላ ስም ይዘሽ ነይ።»

ማዕድ ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነበር። አባባ ሚዛን ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ከበሩ ኋላ ነጭ የሥራ ካፖርት ተሰቅሏል። መርማሪዋ እጅጌውን ዳሰስ አደረገችው፤ ገና በቅርቡ የተተኮሰ ነው።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ቤቱን ሆስፒታል አደረግኸው እያሉ ያሙኛል። ሆስፒታል ውስጥ እንኳ እኮ ጨው አለ።»

«መዝገቡን ልይ፣ አባባ?»

«እይ። አንድ ስርዝ የለበትም።»

እውነትም የለበትም። በየቀኑ አንድ መስመር፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ፍርድ። ወራት ሙሉ ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ ፍርዱ «ይለፍ» እያለ ይወርዳል። ከሞታቸው አሥራ ስምንት ቀን በፊት ግን ድንገት ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ «አይለፍ» ይላል። ከማግስቱ ጀምሮ ደግሞ እስከ መጨረሻው ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ፣ «ይለፍ»። ከሞታቸው ወዲህ ያሉት ሦስት መስመሮች ቀንና ቁጥር ብቻ ነበራቸው። የፍርዱ ቦታ ባዶ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ተፈጠረ?»

«ባለሱቁ ልጄ ባለአረንጓዴውን ሾርባ አጣና ባለቀዩን አመጣ። ባለቀዩ ጨው አለበት። አይለፍ ተባለ፣ ደፋሁት።»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱ ለካሁት፤ አለፈ።» ንግግራቸው የማያወላውል ነበር፤ ሚሊዮን ጊዜ የተናገሩት ዓይነት።

ባለሱቁ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ የሻከረ፣ ልቅሶውን በቁጣ ያፈነ ሰው።

«አንተ ነህ ሾርባ የምታመጣው?»

«ከገዛ ሱቄ። ጨው የቀነሰው፣ ባለአረንጓዴው፣ ከአከፋፋዩ ጠፋ። ሳምንት ይመጣል አሉኝ፣ ሳምንት ሲደርስ ለሚቀጥለው ሳምንት አሉኝ። ለእናቴም እንደዚያው እየነገርሁ አቆየኋት። አባቴ ቀዩን አምጣ፣ እኔ እለካዋለሁ አለኝ። አባቴን አምናለሁ። እሱ ሲለካ አንድ ቅንጣት አያመልጠውም።»

«ነርሷንስ?»

«በመድኃኒት ብልቃጥ ጨው ይዞ መዞር ምን የሚሉት ነርስነት ነው? ንገሪኝ እስቲ፣ እህቴ። እናቴ ጨው አምሮኛል ብላት ይሆናል፣ እሷም ላስደስታት ብላ። ወይም እኔ እንጃ። የሰው ልብ አይታይ።»

«ሁለቱን የሚጦራቸው ማን ነበር?»

«እኔና እህቴ ነን፤ ሌላ ማን አላቸው? እናቴን በነርስ፣ አባቴ ደግሞ ጤነኛ ስለሆነ ራሱን ችሎ። እሱም ከደከመ ግን አንችልም ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ አልደበቅኋትም። ያኔ እሷ ወደ እኔ ቤት፣ እሱ ወደ አረጋውያን መጦሪያው። ዝም ብላ ሰማችኝ።» አፍንጫውን በመዳፉ ጠረገ። «ሃምሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ማለት አልነበረብኝም፤ ግን እውነቱ ያ ነው።»

ነርሷ መኝታ ቤት፣ ባዶው አልጋ አጠገብ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ገና ወጣት ናት፤ የተቀመጠችው ግን ፍርድ ተነግሯት እንዳበቃ ሰው ነው።

«ጨውሽን አሳዪኝ።»

ብልቃጧን አወጣች። አውራ ጣት የምታክል፤ ግማሽ ድረስ ጨው አለባት።

«የእኔ ነው። ለምሳዬ። በዚህ ቤት ጨው የለም፣ ከቤቴ ያመጣሁት ድንች ደግሞ ያለ ጨው ካርቶን ማኘክ ነው የሚሆንብኝ። ማዕድ ቤት አልበላም፤ ደረጃው ላይ ወጥቼ ነው የምበላው። ይዣት እንዳልገባ አባባ እንኳ አስጠንቅቀውኛል፤ በር ላይ ኪስሽን ልፈትሽ ነው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።»

«እሑድ ትሠሪያለሽ?»

«እሑድ አልገባም። መምህርቷ ናት የምትውለው።»

«እግራቸው ሲያብጥ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኋቸው። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ እንሄዳለን አሉ። ሐሙስን አላዩም። ክብደታቸውም አልጨመረም ነበር፣ ይኸው።» የክብደት ወረቀቱን ዘረጋች። ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ። «ውኃ ቢቋጥሩ ኖሮ መጨመር ነበረበት። እኔም በዚህ ተዘናጋሁ። ይህን አልክድም፣ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አልክድም።»

መርማሪዋ ሚዛኑን አየችው። ከአልጋው ራስጌ ብረት ጋር ተጠግቶ ቆሟል። ወለሉ ላይ ግን፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አራት እግሮቹ ለዓመታት የቆሙበት ንጹሕ ምልክት አለ።

«ማን አዛወረው?»

«እሳቸው ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት። እንዳልወድቅ አጠገቤ ይሁን አሉ።»

መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። መርፌው ሰባ ሁለት ላይ ቆመ። እጇን ቀስ ብላ ብረቱ ላይ አሳርፋ ትንሽ ተደገፈች። ስልሳ ስምንት። ነርሷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ይህን አታውቂም ነበር።»

«አላውቅም። ማርያምን አላውቅም።»

«የምታውቂው ሌላ ነገር ግን አለ። ከገባሁ ጀምሮ ስለ ጨውሽ ከመለስሽልኝ በቀር ራስሽን የሚያድን አንድ ቃል አልወጣሽም። ጥፋተኛ ያስተባብላል፣ ንጹሕ ሰው ይቆጣል። አንቺ ግን ሰው ደብቀሽ የቆምሽ ነው የምትመስዪው።»

ነርሷ ቦርሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «አደራ አለብኝ» አለች።

«ለማን?»

«የአደራ ነገር ይነገራል እንዴ፣ እትዬ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዤሽ እንድሄድ ታዝዣለሁ። ፈቃድሽን ይነጥቁሻል፤ ምናልባትም ከዚያ የባሰ።»

«ገብቶኛል» አለች ነርሷ፣ በጣም ዝግ ብላ። «ቢሆንም።»

መርማሪዋ ከእንግዲህ ሰው መጠየቅ ትታ ዕቃ ለመጠየቅ ወሰነች። መምህርቷን ጠርታ አባትየውን ለጥቂት ደቂቃ በረንዳ ላይ ፀሐይ እንድታሞቃቸው ነገረቻት። ከፍሪጁ ውስጥ እናትየው በሞቱበት ቀን ጀምረው የተዉትን ሳሕን አወጣች፤ ማንም ለመድፋት ጨክኖ አልነካውም። ከጓዳው ደግሞ ያልተከፈተ ባለቀይ ቆርቆሮ። መለኪያዋን በውኃ አጥባ በመጀመሪያ ከሳሕኑ፣ ቀጥሎ አዲስ ከከፈተችው ቆርቆሮ ነከረች። ሁለቱም ላይ ያው ቁጥር መጣ። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ቆርቆሮው ላይ የታተመውንም አነበበች፤ በመቶ ሚሊ ሊትር ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ግራም ጨው። አንድም የሚዛነፍ የለም።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይታ መልሱን ካገኘች በኋላ ባላገኘሁት ያለችበት ቀን ጥቂት ነው። ይህ ከነዚያ አንዱ መሆኑን ገና ሳታረጋግጥ ጠረጠረች።

አባባ ሚዛን ተመልሰው ገቡ።

«አባባ፣ እኔ ካላየሁ አይገባኝም። እንዴት እንደሚለኩ ያሳዩኛል?»

ፊታቸው በራ። ተነሥተው ነጩን ካፖርት ለበሱ፤ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች ቆለፉ። ትንሽ ብርጭቆ አወጡ። ከማሰሮው በማንኪያ ውኃ እየቀዱ ጨመሩበት፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ማንኪያውን ጠርዙ ላይ ያራግፋሉ። ቂል። ዘጠኝ ማንኪያ ውኃ። ከዚያ ከሳሕኑ አንድ ማንኪያ ሾርባ። ቂል። አማስለው መለኪያዋን ነከሩ።

«ውኃው ለምንድን ነው?»

«ቁጥሩ ከፍ ሲል መሣሪያው አይታመንም፤ ስለዚህ ሾርባው በውኃ ይቀጥናል። አንድ ለዘጠኝ። ፋብሪካ የሚመጣው እንደ ሊጥ የወፈረ ነው፣ ሳይቀጥን አይነበብም።» አንገታቸውን ወደ መኝታ ቤቱ በር መለሱ። «ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ» ብለው ተጣሩ። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ደግነው ጠበቁ። ጠበቁ። ከዚያ ቁጥሩን ብቻ ጽፈው መዝገቡን ዘጉ።

«የሚመልስልዎት ማን ነበር?»

መልሱን የሰጠችው ከበሩ ላይ የቆመችው መምህርቷ ናት። «እማዬ ነበረች። ከአልጋዋ ሆና ‹ይለፍ› ትለዋለች። የድሮ ጨዋታቸው ነው። ፋብሪካ ውስጥ አብረው ነበር የሚሠሩት፤ እሱ ያነብባል፣ እሷ ትጽፋለች። የተገናኙትም እዚያ ነው።»

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቆመች። ነርሷን ለማዳን እውነቱ መነገር አለበት። እውነቱ ከተነገረ ደግሞ አንድ ሽማግሌ የቀራቸውን ዕድሜ ይህን ተሸክመው ሊኖሩ ነው። ዝም ካለች ያቺ ልጅ ለሰው አደራ ብላ ትጠፋለች። መሐል መንገድ ብትፈልግ አጣች። ቢያንስ ሽማግሌው እንዳይሰሙ ልታደርግ ሞከረች፤ ልጆቹን ብቻ ለይታ ልታናግር ስትል ግን አባባ ሚዛን ከኋላዋ ደርሰው ክንዷን ያዙ።

«ልጄ፣ ውጤቱን ደርሰሽበታል፤ ፊትሽ ይናገራል። የሚስቴ ጉዳይ ነው። እኔ በሌለሁበት አይነገርም። ዕድሜዬን ሙሉ ውጤት ስናገር የኖርሁ ሰው ነኝ፣ መስማት አያቅተኝም።»

ስምንት ሰዓት ላይ አምስቱም ሳሎን ተቀመጡ። ባለሱቁ ከነርሷ ፊት ለፊት ሆኖ ዓይኑን አልነቀለባትም። መምህርቷ አባቷ አጠገብ ናት። መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ሳሕኑን፣ ቆርቆሮውን፣ መዝገቡንና ብልቃጧን ደረደረች።

«ከብልቃጧ እጀምራለሁ» አለች። «የአንድ ሰው ሕይወት በእሷ ተይዟልና። እናታችሁ በቀን አራት ሳሕን ይጠጡ ነበር። ሐኪሙ እንዳለው ለመግደል የሚበቃ ጨው በየቀኑ ቢጨመርባቸው ይህች ብልቃጥ ሁለት ሳምንት ሳይሆን ሁለት ቀን አትዘልቅም። ደግሞም ነርሷ እሑድ አትገባም፤ ቁጥሩ እሑድም ያው ነው።»

«አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው ያለው?» አለ ባለሱቁ። «ይሞላል እኮ።»

«ልክ ነህ። ስለዚህ ሾርባውን ራሱን ጠየቅሁት። እናትህ የመጨረሻ ከተዉት ሳሕን ለካሁ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ያልተከፈተ ቆርቆሮ ከፈትሁ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። አንድ ሰው ጨው ጨምሮ ቢሆን ሳሕኑ ከቆርቆሮው ይበልጥ ነበር። አልበለጠም። እናትህ የጠጡት ከፋብሪካው የወጣውን ነው፤ ማንም አልነካውም።»

ባለሱቁ ቆርቆሮውን አንሥቶ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ።

«አንተ ያመጣኸው እንዲለካ ነው። የመጀመሪያው ቀን ተለክቶ ተደፍቷል፤ ሥርዓቱ ሠርቷል ማለት ነው። ጥያቄው የሁለተኛው ቀን ነው። ያው ሾርባ፣ ያው ቆርቆሮ፣ በአንድ ሌሊት ከዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ወደ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ ወረደ። ቆርቆሮ ራሱን አይቀይርም። የተቀየረው አለካኩ ነው።»

ነርሷ ድንገት ቀና አለች። «ይብቃ፣ እትዬ» አለች። «እኔ ልሂድ። ይዘውኝ ይሂዱ።»

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉ አባባ ሚዛን። «ይጨርሱ።»

መርማሪዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሾርባው ሲቀጥን፣ አንድ ለዘጠኝ፣ እርስዎ ቁጥሩን ያነብባሉ። ከዚያስ?»

«እጣራለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እሷ ትሰማለች።»

«ሰምታ ምን ታደርጋለች?»

«አሥር ታባዛለች፣ ትጽፋለች፣ ከዚያ ይለፍ ወይም...» አሉና ቆሙ።

ከጎዳናው የመኪና ድምፅ መጣና አለፈ። ሽማግሌው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየቆጠሩ ነው። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ፣ በአሥር። በመቶው ይህን ያህል፣ ሳሕኑ ሦስት መቶ፣ በቀን አራት ሳሕን።

«አሥራ አንድ ግራም» አሉ። «አሥራ አንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በቀን።»

«አባዬ» አለች መምህርቷ።

«እሷ ግን ሰምታኛለች። በሩ ክፍት ነበር። ማንኪያውንም ትሰማለች። ሃያ ስድስት ዓመት አባዝታ አንድ ቀን ረስታ አታውቅም።» ወደ መርማሪዋ አዩ። «ይህስ? ይህን ደርሰሽበታል?»

መርማሪዋ መዋሸት ትችል ነበር። ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል፣ ሕመሙ አዘናግቷቸው ይሆናል ማለት ትችል ነበር። የሚጠብቋት ዓይኖች ግን የተዛባ ቁጥር አሳልፈው የማያውቁ ዓይኖች ነበሩ።

«ያውቁ ነበር» አለች። «ሚዛኑን ወደ አልጋቸው አስጠግተው እየተደገፉ ይመዘኑ ነበር፤ ውኃ መቋጠራቸው እንዳይታወቅ። ታወቀ ማለት ሾርባው ይመረመራል፣ ከሾርባው ቀጥሎ እርስዎ። ባለአረንጓዴው ሳምንት ይመጣል እየተባሉ ነበር፤ እስኪመጣ እችለዋለሁ ብለው ይመስለኛል። ከዚህ በላይ ያለውን ሌላ ሰው ነው የሚያውቀው።»

ሁሉም ወደ ነርሷ ዞሩ። ነርሷ ታለቅስ ነበር፣ ያለ ድምፅ።

«አንድ ቀን ጠዋት አባባ ያን ካፖርት ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው» አለች። «ሰርቪስ ዘገየ አሉኝ። የፋብሪካውን መኪና ማለታቸው ነው። እማማ ሰምተው ጠሩኝ። ‹አደራ፣ ለልጆቹ እንዳትነግሪ። ይወስዱታል፤ እዚያ ማን ያውቀዋል? ሐሳቡ አልፎ አልፎ ነው የሚሄደው፣ እኔ እይዘዋለሁ› አሉኝ። ስለ ሾርባው አልነገሩኝም። በልጆቼ... ልጅ የለኝም፣ በእናቴ እምላለሁ፣ የሾርባውን አላውቅም ነበር። ካፖርቱን ግን በየሳምንቱ ተኩሺለት አሉኝ፤ የተጨማደደ ለብሶ ቢወጣ ሰው ይስቅበታል አሉ።»

ባለሱቁ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ከዚያ ብልቃጧን ከጠረጴዛው አንሥቶ ነርሷ ፊት አኖረላት። መምህርቷ እጇን አባቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ ትከሻው አልተቀበላትም፣ አልገፋትምም።

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ አለቃዋ ጋ ደወለች። «ስም የለኝም» አለች። «ነርሷ ነፃ ናት። ሌላውን በጽሑፍ አቀርባለሁ።» ዘጋች። በሥራዋ እንደዚያን ቀን ትክክል ሆና፣ እንደዚያን ቀን ደግሞ ትክክል በመሆኗ ያፈረችበት ጊዜ የለም።

አባባ ሚዛን እጃቸውን ዘረጉ። «መዝገቡን» አሉ።

ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው እስክሪብቶ አወጡ። ገጹን ገልጠው ከሁለተኛው ቀን ጀመሩ። እያንዳንዱን ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ በቀጭን መስመር እየሰረዙ ከጎኑ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ብለው ጻፉ። አሥራ ስምንት መስመር፣ ሚስታቸው እስከሞቱበት ቀን ድረስ። አልቸኮሉም፤ እያንዳንዱ ቁጥር እንደ ሕትመት የተስተካከለ ነበር። በዚያ መዝገብ ላይ ስርዝ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው። «ይለፍ» የሚሉትን ግን አልነኳቸውም። እስክሪብቶው አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻዋ ቀን «ይለፍ» ላይ ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ ተነሣ።

መዝገቡን ዘግተው ሚስታቸው ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ አኖሩት። መነጽራቸውን አውልቀው ከላዩ አስቀመጡ። ተነሡ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?» አለች መምህርቷ።

«ይወስዱታል ብላ ወደ ፈራችው ቦታ፣ በገዛ እግሬ» አሉ። ነርሷ ተነሥታ መንገድ ለቀቀችላቸው። በአጠገቧ ሲያልፉ ቆም ብለው ፊቷን አዩት፤ ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ በሩን ከፍተው ወጡና በቀስታ ዘጉት።